በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አንባቢ የለንም ወይ? የአናሊቲክስ ቁጥር እንዴት ይነበባል



ጥቂት ሆነን በፈቃደኝነት የምናዘጋጃት አንዲት ኒውስሌተር አለችን። ሐሙስ ማታ በኢሜይል ትላካለች፤ ጁሙዓ ጠዋት ደግሞ ሊንኳ በቴሌግራም ይለቀቃል። የመጨረሻው ክፍሏ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የሚመጣውን ወሬ የያዘ ነው፦ የመድረሳ ምዝገባ መቼ እንደሚጀመር፣ ለየትኛው መስጂድ ግንባታ እርዳታ እንደሚሰበሰብ፣ የት አካባቢ የሒፍዝ ክፍል እንደተከፈተ። ከሁሉም በላይ የሚያደክመን ይህ ክፍል ነው። ወሬው ቢሮ ተቀምጦ አይገኝም። ሁለት ወጣቶች ከዓለም ባንክ ወደ ሰበታ፣ ከአስኮ ወደ ቡራዩ፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ በታክሲ እየተመላለሱ፣ ኢማሞችንና የመድረሳ መምህራንን አነጋግረው ነው የሚያመጡት።

በአንድ ስብሰባችን ላይ ቁጥር የሚወድ ወንድማችን ላፕቶፑን ከፍቶ የድረ ገጻችንን ሪፖርት አሳየን። አንባቢዎቻችን ከየትኛው ከተማ እንደሆኑ የሚዘረዝር ሠንጠረዥ ነው። አንደኛ አዲስ አበባ፣ ያውም ተከታዮቿን እጅግ አርቃ። ከሥሯ ጥቂት የአውሮፓና የዓረብ ከተሞች። ሰበታ የለችም። ቡራዩ የለችም። ሱሉልታም የለችም። «እንግዲህ ይህን ሁሉ የምንለፋው ለማን ነው? ክፍሉን ዘግተን ቦታውን ሰው ለሚያነበው ነገር ብንሰጠው አይሻልም?» አለ። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ በወቅቱ መልስ ያለው ሰው ግን አልተገኘም። ውሳኔውን ለአንድ ሳምንት አሳደርነው።

ከዚህ በታች የምናካፍላችሁ በዚያ ሳምንትና ከዚያ በኋላ የተማርነውን ነው። የመስጂድ፣ የጀመዓ ወይም የመድረሳ ድረ ገጽና ቻናል የምታስተዳድሩ ወንድሞችና እህቶች ተመሳሳይ ሠንጠረዥ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ተመሳሳይ ውሳኔ ልትወስኑ ትችላላችሁና።

ነጥቧ የበራችበት ቦታ

መጀመሪያ ያደረግነው ቀላል ነገር ነው። ጉግል አናሊቲክስ ባለፉት 30 ደቂቃዎች ገጻችንን ማን እንደከፈተ በካርታ የሚያሳይ የቀጥታ ሪፖርት አለው። እሱን ከፍተን ሰበታ ለሚኖር ወንድማችን ደወልን። መሽቶ ስለነበር ገጹ ላይ ማንም አልነበረም። «የዚህን ሳምንት ክፈታት» አልነው። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ካርታው ላይ አንዲት ነጥብ በራች፤ አዲስ አበባ ላይ። ሱሉልታ ያለች እህታችንም ከፈተች፤ አሁንም አዲስ አበባ። ቡራዩ ያለው ወንድማችን ሲከፍት ግን ነጥቧ ኔዘርላንድስ ሄዳ በራች። ሳቅን። ስልኩ ላይ ቪፒኤን እንደበራ ረስቶት ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አናሊቲክስ የአንባቢውን ስልክ ጂፒኤስ አያይም። የሚያየው የአይፒ አድራሻውን ነው፤ ይህም ስልኩ ወደ ኢንተርኔት የወጣበት በር ቁጥር ማለት ነው። ያንን ቁጥር ይዞ «ይህ በር የት ከተማ ነው?» ብሎ አንድ ትልቅ መዝገብ ይጠይቃል። በሞባይል ዳታ የሚጠቀሙ ብዙ ደንበኞች ደግሞ በአንድ የጋራ አድራሻ ተጠቃለው ነው የሚወጡት። አድራሻው አዲስ አበባ ተብሎ ከተመዘገበ፣ ሰበታ ቤቱ ጋደም ብሎ የሚያነበውም ሰው «አዲስ አበባ» ይባላል። በአገር ደረጃ ሲሆን መዝገቡ ብዙ አይስትም፤ አንባቢው ኢትዮጵያ ነው ካለ፣ ቪፒኤን እስከሌለ ድረስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። በከተማ ደረጃ፣ በተለይ በሞባይል ዳታ፣ በተለይ ዋና ከተማን ከበው ላሉ ከተሞች ሲሆን ግን አትመኑት። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ከሌሎች ጋር ተጠቃለው የሸገር ከተማ አካል ከሆኑ ቆይተዋል፤ ሸገር የሚል ስምም በሪፖርታችን ላይ አላየንም።

አስተማሪ በነበርንበት ጊዜ ስሙ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም ነበር። ሦስተኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይማራል፤ ስም ሲጠራ ግን የለም።

የቁጥሩ ኢስናድ

የዲን ትምህርት የቀመሰ ሰው ሐዲስ ሲነገረው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ከማን ሰማኸው? እሱስ ከማን?» ብሎ ነው። መትኑ ቢያምርም ኢስናዱ ሳይጣራ አይቀበለውም። የድረ ገጽን ቁጥር ከሐዲስ ጋር ማመሳሰላችን አይደለም፤ የመጠየቅ ልማዱን ለመዋስ ያህል ነው። የአናሊቲክስ ቁጥርም አስተላላፊዎች አሉት፦ አንባቢው፣ ስልኩ፣ ብራውዘሩ፣ ኔትወርኩ፣ የአይፒ መዝገቡ፣ የጉግል ስሌት፣ በመጨረሻም ሪፖርቱን ከፍቶ «አንባቢ የለንም» ያለው ወንድማችን። አንዱ ሲደክም ቁጥሩ ይደክማል።

ብራውዘሩን እንውሰድ። አናሊቲክስ የሚቆጥረው ገጹ ውስጥ በተቀመጠች አነስተኛ ኮድ ነው። ኔትወርኩ ደካማ ሆኖ ጽሑፉ ቀድሞ ከመጣና ኮዷ ሳትደርስ አንባቢው አንብቦ ከወጣ፣ አልመጣም ማለት ነው። ዳታ ለመቆጠብ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኦፔራ ሚኒ ደግሞ ገጹን በራሱ ሰርቨር ላይ ጨምቆ ነው ለስልኩ የሚያደርሰው፤ በዚህ መሐል እንዲህ ዓይነት ኮዶች እንደተለመደው ላይሠሩ ይችላሉ። ጽሑፉን እንዳለ ገልብጦ ቴሌግራም ላይ የሚለጥፈውንማ ማን ይቆጥረዋል? አንድ ጊዜ የራሳችንን ጽሑፍ፣ ስማችን ተቆርጦ፣ ከማናውቀው ቻናል ላይ ተልኮልን «ይህን አንብባችኋል?» ተብለናል።

«ተጠቃሚ» የሚለው ቃልም ያሳስታል። አናሊቲክስ ሰው አይቆጥርም፤ ብራውዘር ላይ የተቀመጠችን ኩኪ ነው የሚቆጥረው። አንድ ሰው ጠዋት ሊንኩን ከቴሌግራም ውስጥ ቢከፍት፣ ቀን በፌስቡክ በኩል ቢገባ፣ ማታ ደግሞ በክሮም ቢያነብ ሦስት ሰው ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው አባት፣ እናትና ልጅ በአንድ ስልክ ካነበቡ አንድ ሰው ናቸው። ወጣቶቻችን ሱሉልታ ሄደው ሲጠይቁ ያገኙት ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። አንድ ሰው ኒውስሌተራችንን ስልኩ ላይ ከፍቶ ከመግሪብ በኋላ ለተቀመጠው ጀመዓ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላቸዋል። በሪፖርቱ ላይ ይህ ሁሉ ጀመዓ አንድ ነው። እሱም አዲስ አበቤ!

«ዳይሬክት» የሚለውንም ልብ በሉ። አንባቢው ከየት እንደመጣ አናሊቲክስ ካላወቀ «በቀጥታ የመጣ» ብሎ ይመዘግበዋል። አንባቢው አድራሻችንን በቃሉ ይዞ የጻፈ ይመስላል። እውነቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሊንኩን ከቴሌግራም፣ ከዋትሳፕ ወይም ከኢሜይል አፕ መጫኑ ነው። አፖቹ «ይህን ሰው የላክሁት እኔ ነኝ» የሚል ምልክት ሁልጊዜ አይሰጡም።

የ2015 ዓመተ ምሕረት ቁጥር ለብቻው ይታይ

ያለፉትን ዓመታት የሚያወዳድር ሰው ካለ አንድ ነገር እናስታውሰው። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ጀምሮ እስከ ሐምሌ 10 ድረስ፣ አምስት ወር ያህል፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩትዩብና ቲክቶክ በአገራችን ተገድበው ነበር። ሕዝቡ ወደ ቪፒኤን ዞረ። ቪፒኤን የበራበት ስልክ በሪፖርት ላይ የሚታየው በሰርቨሩ አገር ነው፤ ጀርመን፣ ኔዘርላንድስ፣ አሜሪካ። የ1444 ረመዳን የገባው መጋቢት 14 ቀን ስለነበር ወሩ በሙሉ በዚህ ገደብ ውስጥ አለፈ። የዚያን ዓመት የረመዳን ሪፖርት ይዞ «አንባቢያችን በብዛት ዲያስፖራ ነው» ብሎ የደመደመ ቢኖር አንፈርድበትም። ቡራዩ ተቀምጦ፣ ከተራዊሕ መልስ፣ በአምስተርዳም በኩል የሚያነብ ዲያስፖራ ነበር።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ተደረበ። ጉግል አሮጌውን አናሊቲክስ ያቆመው በዚያው ዓመት ሰኔ 24 ቀን ነው፤ ገደቡ ሊነሳ 16 ቀን ሲቀረው። አዲሱ፣ ጂኤፎር የሚባለው፣ ብዙ ነገሮችን የሚቆጥርበት መንገድ ከአሮጌው የተለየ ነው። ስለዚህ የ2015ን ቁጥር ከ2016 ጋር የሚያነጻጽር ሰው ሚዛኑም እቃውም በተቀየረበት ገበያ ነው ዋጋ የሚያወዳድረው።

ሰዓቱ፣ ቀኑና ወሩ

ከሁሉም ያሳፈረን ይህ ነው፤ ስህተቱ የራሳችን ነውና። ሪፖርቱ ኒውስሌተራችን ከጁሙዓ ይልቅ ሐሙስ በብዛት እንደምትነበብ ይነግረን ነበር። የቴሌግራሙን ሊንክ የምንለቀው ጁሙዓ ጠዋት ሆኖ ሳለ እንዴት ሐሙስ ይነበባል? ሲጣራ የአካውንቱ የሰዓት ክልል ሲከፈት እንደነበረው በአሜሪካ የምዕራብ ጠረፍ ሰዓት ላይ ቀርቷል። የእነሱ እኩለ ሌሊት ለእኛ፣ እንደየወቅቱ፣ ጠዋት 4 ወይም 5 ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት የተነበበው ሁሉ ለእነሱ ገና ሐሙስ ነው። ጁሙዓ በጠዋቱ ተነስቶ፣ ለመስጂድ ከመዘጋጀቱ በፊት የሚያነበውን አንባቢያችንን በሙሉ ወደ ሐሙስ ስናሻግረው ኖረናል። ማስተካከያው በአድሚን ገጹ ላይ የሰዓት ክልሉን ወደ ኢትዮጵያ መቀየር ብቻ ነው፤ ያለፈውን ግን አያርምም። ዛሬውኑ ገብታችሁ እዩት።

ሰዓቱን ካስተካከላችሁ በኋላም ሪፖርቱ የሚናገረው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ። «21» ሲል ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። በረመዳን «4» ላይ የሚታየው ጉብታ ሌሊት 10 ሰዓት፣ ሱሑር ላይ የነቃ ሰው ነው። አንድ የቴክኒክ ሰው ይህን ሰዓት አይቶ «ይህ ሮቦት ነው፣ አጣሩት» ብሎን ያውቃል። ሮቦት ሳይሆን ጾመኛ ነው።

ወሩም እንዲሁ። ረመዳን በየዓመቱ ወደ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ፊት ይቀድማል። የ1444 ረመዳን በመጋቢት 14 ቀን 2015፣ የ1445 ደግሞ በመጋቢት 2 ቀን 2016 ነው የገባው። አናሊቲክሱ በፈረንጆቹ ማርችን ከማርች ጋር ሲያወዳድር፣ በመጀመሪያው ዓመት ማርች ውስጥ 9፣ በሁለተኛው ደግሞ 21 የረመዳን ቀናት አሉ። አንባቢ ቢጨምር ምን ይደንቃል? ቀኑን በእጅ መርጦ ረመዳንን ከረመዳን፣ የዒድ ሳምንትን ከዒድ ሳምንት ማወዳደር ነው ያለው መፍትሔ።

«ተከፍቷል» የሚለው ቃል

አሁን ወደ ኢሜይሉ እንምጣ። የኒውስሌተር መላኪያ አገልግሎቶች ይህን ያህል በመቶ ሰው ከፈተው የሚል ቁጥር ይሰጣሉ። ይህን የሚያውቁት እያንዳንዱ ኢሜይል ውስጥ ዓይን የማያያት የአንዲት ነጥብ ስፋት ያላት ምስል ስለሚያስቀምጡ ነው። ምስሏ ከሰርቨራቸው ስትጠራ «ተከፈተ» ይላሉ። አፕል በመስከረም 2014 (በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2021) ባወጣው የስልክ ሶፍትዌር ላይ፣ ተጠቃሚው ከፈቀደ ምስሎቹን ሰውየው ኢሜይሉን ሳያየውም ቀድሞ የሚጠራ ጥበቃ ጨመረ። ጂሜይል ደግሞ ከ2006 ወዲህ ምስሎችን በራሱ ሰርቨር በኩል ስለሚያሳልፍ አንባቢው የት እንዳለ ከምስሏ አይታወቅም። በተቃራኒው ዳታ ለመቆጠብ ምስል እንዳይጫን የዘጋ ሰው ኢሜይሉን ከላይ እስከ ታች ቢያነብ እንኳ «አልከፈተም» ነው። እንግዲህ አንዱ ሳያነብ ያነበበ፣ ሌላው አንብቦ ያላነበበ ሆኖ ይቆጠራል። በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ «ኢሜይል ስለማይከፍቱ ከዝርዝሩ እናውጣቸው» ማለት ታማኝ አንባቢን ከደጅ መመለስ ሊሆን ይችላል።

ሊንክ መጫን ከዚህ ይሻላል፤ ሰው አስቦበት የሚያደርገው ድርጊት ነው። እሱም ቢሆን ፍጹም አይደለም። አንዳንድ የመሥሪያ ቤት ኢሜይሎች ለደህንነት ሲባል በውስጣቸው ያሉትን ሊንኮች ሁሉ በማሽን ይነካካሉ።

ስለ ቆይታ ጊዜ ብዙ አንልም። አሮጌው አናሊቲክስ አንድ ገጽ ብቻ አንብቦ የወጣን ሰው ቆይታውን ዜሮ ያደርገው ነበር፤ አዲሱ ከ10 ሰከንድ በላይ ገጹ ላይ ከቆየ «የተሳተፈ ጉብኝት» ይለዋል። የጀናዛ ማስታወቂያ በ10 ሰከንድ ይነበባል። ያነበበው ሰው ወዲያው ተነስቶ ሄዷል፤ የጽሑፉም ዓላማ ያ ነበር።

ቋንቋና ሆሄ

የቋንቋ ሪፖርቱን ስናይ አብዛኛው አንባቢያችን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው ይላል። የሚለካው ሰው የሚያነበውን ቋንቋ ሳይሆን ስልኩ የተሞላበትን ነው፤ ስልካችንን ደግሞ አብዛኞቻችን ከሱቅ እንደወጣ በእንግሊዝኛው ነው የምንጠቀምበት። በእነዚህ ከተሞች ብዙ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ እንዳለ እናውቃለን፤ ከዚህ ሪፖርት ግን አንድም ነገር አንማርም። የአፋን ኦሮሞ ክፍል ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለውን ለመወሰን መስጂድ ሄዶ መጠየቅ ይቀላል።

የፍለጋ ሳጥኑ ግን ጥሩ አስተማሪ ሆኖልናል። አንባቢው በገዛ እጁ የጻፈው ነውና። ችግሩ አማርኛ አንድን ድምፅ በብዙ ፊደል መጻፉ ነው። «ሶላት» የሚል አለ፣ «ሰላት» የሚል አለ፣ «ሷላት»ም አለ። «ረመዳን»፣ «ረመዷን»፣ «ረመዿን»። «ጁምዓ»፣ «ጁመዓ»፣ «ጁሙአ»። ሪፖርቱ እያንዳንዱን እንደተለየ ጥያቄ ስለሚቆጥረው ብዙ ሰው የፈለገው ነገር ተበታትኖ ከታች ይቀራል። በወር አንድ ጊዜ ዝርዝሩን ወደ ኤክሴል አውርዶ፣ ተመሳሳዩን በእጅ ሰብስቦ መደመር ያስፈልጋል። ሌላው ደግሞ የጽሑፉ አድራሻ በአማርኛ ፊደል ከተጻፈ እያንዳንዱ ፊደል በሪፖርቱ ውስጥ ወደ ዘጠኝ የላቲን ምልክቶች ሊለወጥ መቻሉ ነው። ሃያ ፊደል ያለው ርዕስ መቶ ሰማንያ ምልክት ሆኖ ሲቀርብ የትኛው ጽሑፍ እንደሆነ አይለይም። ለአድራሻው አጭር የላቲን አጻጻፍ መስጠት፣ ወይም በሪፖርቱ ላይ አድራሻውን ትቶ ርዕሱን መመልከት ይሻላል።

ሦስት በሮች

ታዲያ የሰበታን አንባቢ በምን እናውቀዋለን? ከተማውን ከስልኩ ለማወቅ መሞከሩን ትተን ሊንኩን የምናስረክብበትን በር መቁጠር ጀመርን። በሊንኩ መጨረሻ ላይ የጥያቄ ምልክት ተደርጎ ሦስት ቃላት ይጨመራሉ፦ ሊንኩ የተለቀቀው ከየት ነው፣ በምን መንገድ ነው፣ የየትኛው ሳምንት ነው። እነዚህ ዩቲኤም ይባላሉ፤ ስማቸው ጉግል በ1997 (በፈረንጆቹ 2005) ከገዛው ኧርቺን ከሚባል ኩባንያ የቀረ ነው። ለሰበታው የጀመዓ ግሩፕ አንድ ምልክት፣ ለሱሉልታው ሌላ፣ ለቡራዩው ሌላ፣ ለኢሜይሉ ሌላ። ገጹ ያው አንድ ነው፤ አንባቢውም ልዩነት አያይም። ሪፖርቱ ግን በየትኛው በር ስንት ሰው እንደገባ ይናገራል፤ ቀድሞ «ዳይሬክት» ውስጥ ጠፍቶ የነበረውም ይወጣል።

ጥንቃቄ የሚሻው አጻጻፉ ነው። አናሊቲክሱ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ይለያል፤ አንዱ የከተማውን ስም በትልቅ ፊደል፣ ሌላው በትንሽ፣ ሦስተኛው በኦሮምኛው አጻጻፍ ቢጽፈው ሰበታ ሦስት ቦታ ትከፈላለች። እኛ አንድ ወረቀት ላይ ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። ሁለተኛው ጉዳይ ፎርዋርድ ነው። ከሰበታው ግሩፕ የተላለፈ ሊንክ ጂዳ ደርሶ ቢከፈትም የሰበታን ምልክት እንደያዘ ነው። ሆኖም ይህን ማወቁ ራሱ ጥሩ ነው፤ ከአገር ሪፖርቱ ጋር ሲታይ የሰበታ ወሬ ውጭ ያሉ ልጆቿ ጋር እንደሚደርስ ያሳያል። የተሰደደ ሰው የሰፈሩ መስጂድ የት እንደደረሰ ማወቅ አይፈልግም እንዴ?

በሁለት ሳምንት ውስጥ የሰበታውና የሱሉልታው በሮች ሰው እንደሚያስገቡ ታየ። ቁጥሩ የአዲስ አበባን ያህል አይደለም፤ እንዲሆንም አልጠበቅንም። ክፍሉ አልተዘጋም። ጥያቄውን ያነሳው ወንድማችንም አሁን ምልክቶቹን የሚያዘጋጀው እሱ ነው።

ሳናየው ያደርነው ዝርዝር

ይህን ሁሉ ስንመረምር ያልፈለግነውን ነገርም አየን። የኢሜይል መላኪያው አገልግሎት ማን የትኛውን ሊንክ በስንት ሰዓት እንደተጫነ ሰው በሰው፣ በኢሜይል አድራሻው፣ መዝግቦ ይዟል። ማንም አልጠየቀውም፤ ሲከፈት ጀምሮ እንደዚያ ነው።

ስም ያለው ዝርዝር ሌላ ነገር ነው። በ2015 በሸገር ከተማ መስጂዶች በፈረሱበት ወቅት፣ ግንቦት 18 ቀን በታላቁ አንዋር መስጂድ የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ፣ ስለ ጉዳዩ የተጻፈን ጽሑፍ ሰበታ ውስጥ ማን እንደከፈተ በስምና በደቂቃ የሚናገር ሰነድ በአንድ በጎ ፈቃደኛ ላፕቶፕ ላይ መቀመጡ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ላፕቶፕ ይሰረቃል፤ የይለፍ ቃል ይገመታል። አንባቢው እኛን አምኖ ኢሜይሉን የሰጠን ወሬ እንድናደርሰው ነው። አማና ነው። ሱረቱል ሑጁራት በ12ኛው አያ ላይ የሰውን ገመና መሰለልን መከልከሉን ሁላችንም እናውቃለን። ተጀሱስን ስናስተምር የምናስበው በጎረቤት በር ቀዳዳ ማየትን ነበር፤ በአንዲት ነጥብ ምስል መሆኑን አላሰብነውም።

ሕጉም ዝም አላለም። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ ሰው ሃይማኖት የሚናገርን መረጃ የተለየ ጥበቃ ከሚሹት መካከል ያስቀምጠዋል፤ አስፈጻሚ አድርጎ የሰየመውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ነው። የእስላማዊ ኒውስሌተር ደንበኞች ዝርዝር፣ ሌላ አንዳች ነገር ባይጻፍበት እንኳ፣ የእያንዳንዱን ሰው ሃይማኖት ይናገራል። ትንሽ ነን፣ በጎ ፈቃደኞች ነን ማለት ጉዳዩን ቀላል አያደርገውም።

ያደረግነው ይህን ነው። የሰው በሰው የመክፈትና የመጫን ክትትሉን ዘጋን፤ ብዙዎቹ አገልግሎቶች በቅንብር ገጻቸው ላይ ይህን ይፈቅዳሉ። በጂኤፎር ውስጥ ዝርዝር መረጃው የሚቆይበት ጊዜ ወደ 14 ወር ሊራዘም ይችላል፤ እኛ ሲከፈት በነበረበት ሁለት ወር ላይ ተውነው። በጣም ጥቂት ሰው ላሉበት ግሩፕ የራሱ ምልክት አንሰጥም፤ አሥር ሰው ባለበት ግሩፕ «አንድ ሰው ገባ» ማለት ከስም አይርቅም። መረጃው ከራሳችን ሰርቨር እንዳይወጣ የሚፈልጉ ማቶሞ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር መጠቀም ይችላሉ፤ የአይፒ አድራሻውን መጨረሻ እንዲደመስስ ማዘዝም ይቻላል። የሚጭነውና የሚንከባከበው ሰው ግን ያስፈልገዋል፤ እኛ ለጊዜው የለንም። በኒውስሌተራችን ግርጌም ምን እንደምንቆጥርና ምን እንደማንቆጥር በሁለት መስመር ጻፍን። ከዚያ በኋላ አንዲት እናት ደውለው «ታዲያ እኔ ማንበቤን በምን ታውቃላችሁ?» ብለውናል። አናውቅም አልናቸው። «እንግዲያው ልንገራችሁ፣ የመድረሳውን ምዝገባ ያገኘሁት ከእናንተ ነው» አሉ።

የቡራዩው በር ገና አልተከፈተም። የግሩፑ አድሚን የራሳችንን ምልክት የያዘ ሊንክ ለምን እንደምንፈልግ ጠይቆናል፤ በዚህ ሳምንት ከዐስር በኋላ ሄደን እናስረዳዋለን፣ ኢንሻአላህ።